ስለ አገር ቤት ትዝታና ስለ ብሉግራስ ዘፈን

ሰው ተወልዶ ያደገበትን ቀዬ ደኅና አድርጎ የሚያየው ከራቀው በኋላ ነው። በመንደሩ የሚኖር ገበሬ በደጁ ስለ በቀለው ዛፍ ለመግጠም ጊዜም ምክንያትም የለውም፤ ጥላው ሲያስፈልገው ያርፍበታል፣ እንጨት ሲያስፈልገው ይቆርጠዋል። ከዚያ ወጥቶ በከተማ ወንበር የያዘው ልጁ ግን ዛፉን በሐሳቡ ሲተክለውና ሲነቅለው ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ የምንሞክረው፣ እንዲህ ያለው ናፍቆት በአንድ ሩቅ አገር እንዴት ወደ ዘፈን እንደ ተለወጠና እኛም በበኩላችን ከዚያ ምን እንደ ተማርን ነው። ዘፈኑ በአሜሪካ ደቡባዊ ኮረብታዎችና ተራሮች የተወለደው ብሉግራስ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ብሉግራስ በቃሉ «ሰማያዊ ሣር» ማለት ነው። ኬንታኪ የተባለው የአሜሪካ ግዛት በዚህ ሣር ቅጽል ስም ይጠራል። የሙዚቃው ስም ግን የመጣው ቢል ሞንሮ የተባለ የዚያ አገር ተወላጅ የሙዚቃ ጓዶቹን «የሰማያዊ ሣር ልጆች» ብሎ ከሰየመበት ቡድን ነው። መሣሪያዎቹ ማንዶሊን፣ ቫዮሊን፣ ባንጆ፣ ጊታርና ትልቁ ባስ ናቸው። ሁሉም የክር መሣሪያዎች ሲሆኑ በጥንቱ ወግ ከበሮ አይጨመርባቸውም፣ ድምፃቸውም በኤሌክትሪክ አይጎላም። ዜማው ብዙውን ጊዜ ፈጣን ነው፤ ቃሉ ግን የኀዘን ነው። ስለዚህ ቋንቋውን የማያውቅ አድማጭ ለጭፈራ የተዘጋጀ መስሎት በእጁ ያጨበጭባል፤ ትርጉሙን ጠይቆ ሲረዳ ግን እናት ሞታለች፣ ቤቱ ባዶ ሆኗል፣ የሄደው ልጅም ሳይመለስ ቀርቷል።

ይህ ዘፈን ወደ እኛ የደረሰው በአጋጣሚ ነው። በአሜሪካ የጭነት መኪና እየነዳ የሚተዳደር የአክስታችን ልጅ አለ። ከዕለታት አንድ ቀን ኬንታኪን በሌሊት ሲያቋርጥ የሰማውን ዘፈን በስልኩ ላከልንና «ይህ የእኛው ትዝታ አይደለም ወይ?» የሚል ቃል አከለበት። የእንግሊዝኛ ዕውቀታችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከቀሰምነው ብዙም ስለማያልፍ፣ ግጥሙን በጽሑፍ ፈልገን መዝገበ ቃላት ይዘን ከሥራ ሰዓት በኋላ ለብዙ ምሽት ተቀመጥንበት። የዕለት ሥራችን በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ደብዳቤ መመዝገብና ፋይል ማቆየት ነው፤ ስለዚህ የዘፈኑን አመጣጥ ከሥሩ ስንከታተል የለመድነውን ሥራ የምንሠራ ያህል ተሰማን። የተላከልንም ዘፈን ሞንሮ ስለ እናቱ ወንድም የደረሰው «አጎቴ ፔን» ሆኖ ተገኘ።

ቢል ሞንሮ በ1911 ዓ.ም. በኬንታኪ ውስጥ ሮዚን በተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ተወለደ። ከስምንት ልጆች የመጨረሻው ነበረ። አባቱ እርሻና የእንጨት ሥራ የሚሠራ ሰው ሲሆን፣ እናቱ ደግሞ ዘፋኝና የቫዮሊን ተጫዋች ነበረች። ልጁ ዐይኑ ጠማማ፣ እይታውም ደካማ ስለ ነበረ ብቸኝነትን እየለመደ አደገ። ታላላቆቹ ቫዮሊኑንና ጊታሩን ስለ ያዙበት ለእርሱ የተረፈችው ማንዶሊን ብቻ ነበረች፤ በኋላ ግን በዓለም የታወቀው በዚችው በተረፈችው መሣሪያ ነው። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ሞተች፤ በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ደግሞ አባቱ ተከተለ። ወንድሞቹ ለሥራ ወደ ሰሜን ሄደው ስለ ነበር ከጊዜ በኋላ ከአጎቱ ከፔንድልተን ቫንዲቨር ጋራ በአንዲት ጎጆ መኖር ጀመረ። አጎትዬው በበቅሎ አደጋ አካሉ የተጎዳ፣ በትንሽ በትንሽ ንግድ የሚኖር፣ ማታ ማታ ግን ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ነበረ። በሠፈሩ ጭፈራ ሲኖር የእኅቱን ልጅ አስከትሎ ይሄድ ነበር፤ ልጁም በጊታር ያጅበው ነበር።

ሞንሮ ዝናው ከፍ ካለ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም.፣ ይህን ሰው በዘፈን አስታወሰ። አጎቱ ከሞተ ያን ጊዜ 18 ዓመት ሆኖት ነበር። በዘፈኑ ውስጥ ያስገባው ነገር ሲመረመር ያስደንቃል። አጎቱ ቸር ነው፣ ደግ ነው ብሎ አላሞገሰውም። ከኮረብታው ላይ ሲጫወት ድምፁ እስከ ከተማው ይሰማ እንደ ነበር፣ ሰዎችም ከሩቅ እየመጡ ይጨፍሩ እንደ ነበር ተናገረ። ከዚያም አጎቱ የሚወዳቸውን የቫዮሊን ዜማዎች አንድ በአንድ በስማቸው ጠራ። በመጨረሻም ሰውዬው ቫዮሊኑን ሰቅሎ እንደ ሄደ ገለጸ። ሥራው በሙሉ ይኸው ነው። ስለ ራሱ የወላጅ አልባነት ኑሮ አንድም ቃል አልጨመረም። ነገር ግን የሚያዳምጠው ሰው ያን ሁሉ ዜማ ተቀምጦ የቆጠረው ልጅ ምን ያህል ብቸኛ እንደ ነበር ከቆጠራው ብቻ ይረዳዋል። ሞንሮ ለአጎቱ በሮዚን መቃብር የድንጋይ ሐውልት ያቆመው በ1973 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የቃሉ ሐውልት የድንጋዩን ሐውልት በ23 ዓመት ይቀድመዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። እነዚህ የገጠር ዘፈኖች የተደረሱት የት ነው? ጎጆዋን፣ የወንዙን ጭጋግና የእናትን ወጥ ቤት የሚያነሡት ሰዎች ሲዘፍኑ በጎጆዋ ውስጥ አልነበሩም። ሞንሮ ራሱ በ1929 ዓ.ም. ገደማ ወንድሞቹን ተከትሎ ወደ ኢንዲያና ግዛት ሄደና በነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካ በርሜል በማንሣትና በመደርደር ለአያሌ ዓመታት ሠራ። አጎቱ በ1932 ዓ.ም. ሲሞት እርሱ የነበረው በዚያው በፋብሪካው አገር ነው። በ1939 ዓ.ም. ወደ ናሽቪል ሄዶ ግራንድ ኦል ኦፕሪ በተባለው ታላቅ የራዲዮ ዝግጅት ከተቀጠረ በኋላም ኑሮው በመንገድና በመኪና ላይ ሆነ። በ1945 ዓ.ም. ከእርሱ ጋር የተቀላቀሉት ሌስተር ፍላትና ባንጆን በሦስት ጣት በመምታት ስሙ የተጠራው ኧርል ስክራግስ ሁለቱም የገጠር ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም ቀድሞ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተዋል። የሚያዳምጧቸውም ሰዎች እንደዚሁ ነበሩ። መሬት ስላነሣቸው፣ የከሰሉ ማዕድንም ሥራ ስለ ቀነሰባቸው በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ የተራራ ሰዎች ወደ ሲንሲናቲ፣ ወደ ዲትሮይት፣ ወደ ባልቲሞርና ወደ ቺካጎ ፈልሰው ነበር። ቅዳሜ ማታ በኪራይ ቤታቸው ራዲዮ ሲከፍቱ የተዉት ቤት በዘፈን ይመጣላቸዋል። ዘፈኑ የተራራውን ኑሮ በሚኖሩት ዘንድ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባላለቀሱበት ነበር።

ይሁን እንጂ ትዝታ የራሱ አደጋ አለው። የራቀ ነገር ሁሉ ያምራል፤ ርሃቡ ይረሳል፣ እሸቱ ይታወሳል። ብዙ የብሉግራስ ግጥም ጎጆዋን ሲያሞግስ በጎጆዋ ውስጥ ስለ ነበረው ብርድ ዝም ይላል። ይህን ዝምታ ከሰበሩት ደራሲዎች አንዷ ሄዝል ዲከንስ ናት። የተወለደችው በዌስት ቨርጂኒያ የከሰል ማዕድን አገር ከዐሥራ አንድ ልጆች መካከል ነው። አባቷ ሰባኪ ሲሆን ለማዕድን ጉድጓድ ድጋፍ የሚሆን እንጨት ያጓጉዝ ነበር፤ ባንጆም ይጫወት ነበር። እርሷም ገና በወጣትነቷ ወደ ባልቲሞር ሄዳ በፋብሪካ ሠራተኛነት ተቀጠረች። ወንድሟ ከማዕድን ጉድጓድ በጠጣው የከሰል አቧራ ሳንባው ተመርዞ በድህነት ሲሞት፣ በበሽታው ስም «ጥቁር ሳንባ» የተባለውን ዘፈን ደረሰች። ይህችው ሴት ተወልዳ ያደገችበትን አገር በፍቅር የምትጠራበትን «ዌስት ቨርጂኒያ ቤቴ» የተባለውንም ዘፈን ደርሳለች። በ2011 ዓ.ም. እስክታርፍ ድረስ ሁለቱንም ስትዘፍን ኖራለች፤ አንዱ ዘፈን ሌላውን አላሳፈረውም። አገርን መውደድና በአገር የተፈጸመውን በደል መናገር ከአንድ አፍ ሊወጡ እንደሚችሉ ከእርሷ የበለጠ ምስክር አላገኘንም።

ትዝታ የሚረሳው ርሃብን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ነው። ባንጆ ዛሬ የነጮች የተራራ መሣሪያ ተደርጎ ይታይ እንጂ፣ ወደ አሜሪካ የመጣው በባርነት ከተጋዙት ከምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ጋራ ነው፤ መጀመሪያ ከቅልና ከቆዳ ይሠራ ነበር። በሞንሮ ሠፈርም አርኖልድ ሹልትዝ የሚባል ጥቁር ሙዚቀኛ ነበረ፤ በከሰል ማዕድን የሚሠራ፣ ጊታርና ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ነው። ሞንሮ በልጅነቱ ከዚህ ሰው ጋር በጭፈራ ቤት ተጫውቷል፤ ከእርሱም ብዙ መማሩን ካደገ በኋላ በአንደበቱ መስክሯል። ሹልትዝ በ1931 ዓ.ም. ሲሞት ድምፁን የያዘ አንድም ሸክላ አልተወም። ስሙ እስከ ዛሬ የቆየው ያስታወሰው ሰው ስላለ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ቀድሞው ኑሮ የሚጽፍ ሰው «ማንን ዘለልሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል።

ሌላም ነገር አለ። ወንድማማቾቹ ካርተርና ራልፍ ስታንሊ የቨርጂኒያ ተራሮች ተወላጆች ናቸው። ካርተር የደረሰውን «ነጯ እርግብ» የተባለውን ዘፈን በ1949 ዓ.ም. በሸክላ አስቀረጹ፤ በዘፈኑም ልጅ በሞቱ አባትና እናቱ መቃብር አጠገብ ያለቅሳል። ነገር ግን ያን ጊዜ የስታንሊዎቹ አባትና እናት ሁለቱም በሕይወት ነበሩ። ታዲያ ዘፈኑ ውሸት ነው ወይ? አይመስለንም። ከቤቱ ርቆ በሌሊት መንገድ የሚጓዝ ልጅ የወላጆቹን ሞት አስቀድሞ ይፈራል፤ ካርተር የጻፈው ያን ፍርሃት ነው። ያላየነውን አይተናል ብሎ ምስክርነት መስጠት አንድ ነገር ነው፤ የምንፈራውን እንደ ደረሰ አድርጎ ማልቀስ ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው በዘፈን ሕግ የተፈቀደ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ እኛም ለአጎታችን አንድ ግጥም ለመድረስ ተነሣን። አጎታችን በመንዝ ደጋ ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ፣ ዋሽንት የሚጫወቱ ሰው ነበሩ። በአውራጃው ከተማ ቤት ተከራይተን ስንማር በየአሥራ አምስት ቀኑ ቆሎና ድርቆሽ አሸክመው የሚመጡልን እርሳቸው ነበሩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ዓመት የቤት ኪራዩ ሲጨምር ከጥቂቱ በጎቻቸው አንዱን ሸጠው የከፈሉልንም እርሳቸው ናቸው። ሲያርፉ እኛ አዲስ አበባ በሥራ ላይ ነበርን፤ መርዶው የደረሰን ከተቀበሩ በኋላ ነው። ከልጆቻቸው አንዱ በአረብ አገር፣ ሁለቱ በከተማ ናቸው። የቤታቸው ጣራ በአንድ ወገን ጎብጧል፤ በቤቱ የቀሩት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው።

ለመጻፍ ስንቀመጥ እንደ መዝገብ ቤት ሰው በመጀመሪያ ዝርዝር አወጣን። የሚለብሱት ደበሎ፤ ዋሽንታቸውን የሚሸጉጡበት የጣራ ሣር፤ በጎቹ ገብስ ውስጥ ሲገቡ እኛን የሚገርፉበት አርጩሜ፤ ውርጭ አዝመራውን ባቃጠለበት ዓመት በማለዳ ማሳው ዳር ቆመው አንድም ቃል ሳይናገሩ መመለሳቸው፤ የሸጡት በግ መልኩ። ሰማዩን፣ ተራራውንና አበባውን ከዝርዝሩ አወጣናቸው፤ እነዚያ የማንም አጎት አገር ናቸውና። አርጩሜውን ግን አስቀረነው። የሚወዱን ሰው ይገርፉን እንደ ነበር መጻፍ ፍቅራቸውን አያሳንሰውም፤ ይልቁንም አንባቢ የበጉን ነገር እንዲያምነን ያደርጋል።

ሞንሮ የአጎቱን ዜማዎች በስም እንደ ጠራ እኛም ለመጥራት ፈለግን። ነገር ግን የዋሽንቱ ዜማዎች ስም እንዳላቸው የምናውቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ለባለቤታቸው በስልክ ደወልን። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ መቁጠር ጀመሩ፤ ይህ በጎቹን ከመስክ የሚመልሱበት፣ ይህ ከአዝመራ በኋላ የሚጫወቱት፣ ይህ ደግሞ ወንድማቸው የሞተ ጊዜ ያወጡት፣ ከዚያ በኋላ ከቤት ውጭ ያልተጫወቱት። እየቆጠሩም አንዳንዱን በአፋቸው ያንጎራጉሩልን ነበር። ይህን ሁሉ በሕይወት ካሉ ሰዎች የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። የጻፍነውን ግጥም ስናነብላቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡና «ልጆቼ ይህን ያውቁታል ወይ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። በበነጋው ግጥሙን ለሦስቱም ልጆች ላክንላቸው። በአረብ አገር ያለው፣ የበጉን መሸጥ ከዚያ በፊት ሰምቶት እንደማያውቅ ጽፎ መለሰልን።

የአጎታችንን ስም በዚህ ጽሑፍ አለማንሣታችንን አንባቢ ሳይታዘብ አይቀርም። ስማቸው በግጥሙ ውስጥ አለ። ግጥሙም ከሁሉ አስቀድሞ በአደባባይ የሚሰማው በሚቀጥለው የሙት ዓመታቸው ዕለት፣ በራሳቸው ቀዬ፣ ያውቋቸው በነበሩት ሰዎች ፊት እንዲሆን ከባለቤታቸው ጋር ተስማምተናል። ከእኛ ይልቅ የሚያውቋቸው ጎረቤቶች «እውነት ነው» ወይም «ይህስ ቀረ» የሚሉበት ቦታ ያ ነውና።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ኬንታኪና መንዝ ምን አገናኛቸው? የሰው ዘፈን ለምን እንማራለን?» ይል ይሆናል። እኛ ዜማቸውን አልወሰድንም፤ ባንጆም ለመምታት አላሰብንም። የወሰድነው የአሠራር ጠባያቸውን ነው። በነገራችን ላይ፣ ባሏ ቶም ቲ. ሆል የኬንታኪ ተወላጅ የሆነ ዲክሲ ሆል የምትባል ደራሲ ነበረች። የተወለደችው በእንግሊዝ አገር ሲሆን ከባሏ ጋር እጅግ ብዙ የብሉግራስ ዘፈን ደርሳ በ2015 ዓ.ም. አርፋለች። ከሞተች በኋላ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ የብሉግራስ ሰዎች ከባሏ ጋራ በክብር መዝገባቸው አስገብተዋታል። በዚያ ተራራ አለመወለዷ የተራራውን ሰው ኑሮ አስተውላ ከመጻፍ አላገዳትም። ከእርሷ ጋር ሲነጻጸር የእኛ ድፍረት ትንሽ ነው፤ እኛ የምንጽፈው ስለ ራሳችን አገርና በራሳችን ቋንቋ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ የምንገኝ ብዙዎች የገበሬ ልጆች ነን። በቀን ውስጥ የብዙ ሰው ስም እንጽፋለን፤ ቁጥር እንሰጣለን፣ በየፋይሉ እናስገባለን። ለዚህ ያበቁን ሰዎች ስም ግን በአንዱም መዝገብ አይገኝም። ሰውን በግጥም ለማስታወስ ትልቅ ባለቅኔ መሆን አያስፈልግም፤ በእነርሱ ፊት ቢነበብ የማያሳፍር እውነት መሆኑ ይበቃል። የሚጠየቁት ሰዎች ደግሞ ለዘለዓለም አይቆዩም። ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ ወገኖቻችን ከመጻፋችሁ በፊት በቅድሚያ ስልክ ደውሉ፤ የዜማውን ስም፣ የበሬውን ስም፣ የመስኩን ስም ጠይቁ። ግጥሙ ቢዘገይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።